የቻይና ሴቶች ኑሮ በነገሥታቱ ዘመን

ቻይና በእስያ ክፍለ ዓለም በምሥራቅ በኩል የምትገኝ በጣም ሰፊ አገር ናት። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በነገሥታት ስትገዛ ኖራለች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሥርወ መንግሥታት ሚንግና ቺንግ ይባላሉ። ሚንግ ከ1368 እስከ 1644፣ ቺንግ ደግሞ ከ1644 እስከ 1912 ገዝተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1850 ገደማ የቻይና ሕዝብ ቁጥር ከ400 ሚሊዮን በላይ ነበር። አብዛኛውም ገበሬ ነበር።

አሁን የምናወራው ግን ስለ ነገሥታቱ አይደለም። በዚያ ዘመን ስለኖሩት ሴቶች ነው፤ በተለይም ስለ ገበሬ ሚስትና ስለ ገበሬ ልጅ። የዚያ አገር የቆየ አነጋገር «ወንድ ያርሳል፣ ሴት ትሸምናለች» ይላል። ሲሰሙት ሥራው እኩል የተከፈለ ይመስላል። ነገር ግን የሚታረሰው መሬት የወንዱ ሲሆን፣ የተሸመነው ጨርቅ የሴቷ አልነበረም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከልደቷ ጀምረን እንመልከት።

በገበሬው ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድ ደስታ ነው። መሬት የሚወርሰው ወንድ ነው። አባት ሲሞት መሬቱ ለወንዶቹ ልጆች እኩል ይከፋፈላል። ለሞቱት አያቶችና ቅድመ አያቶች ምግብ የሚያቀርበው፣ ዕጣን የሚያጨሰውም ወንድ ነው። ወንድ ልጅ የሌለው ሰው በእርጅናው ጧሪ፣ ከሞተም በኋላ አስታዋሽ አጣ ይባል ነበር። ሴት ልጅ ግን አድጋ የሰው ቤት ትሄዳለች። «የተዳረች ልጅ የተደፋች ውሃ ናት» ይሉ ነበር። አትታፈስም ማለታቸው ነው።

ስለዚህ ድርቅ ወይም ጎርፍ እህሉን ባጠፋ ጊዜ መከራው ቀድሞ የሚያርፈው በሴቷ ልጅ ላይ ነበር። አንዳንድ ቤተ ሰብ አዲስ የተወለደች ሴት ልጁን ውሃ ውስጥ ደፍቆ ይገድላት ነበር። ይህን መጻፍ ራሱ ይከብደናል፤ ግን የሆነ ነገር ነው። ሹማምንቱ በጽሑፍ ያወግዙት ነበር። በየከተማውም ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት ተከፍቷል። ረኀቡ ግን ከሹማምንቱ ቃል ይበረታ ነበር። ሌላም መንገድ ነበረ። ልጅቱን ገና በሕፃንነቷ ለወደፊት አማቷ መስጠት ነው። «ቶንግያንግሺ» ይሉታል። በልጅነቷ ገብታ የምታድግ ምራት ማለት ነው። የወንዱ ወገን የሠርግ ወጪ ይቀርለታል። የሴቷ ወገን አንድ በላተኛ ይቀንስለታል። እሷስ? እሷማ እናቷን ሳትጠግብ የሰው ቤት ውሃ ቀጂ ሆና ታድጋለች።

አሁን የቻይና ሴት ሲባል ብዙ ሰው ወደሚያነሣው ነገር እንምጣ። እግር ማሰር ነው።

ልጅቱ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሆናት እናቷ እግሯን በሙቅ ውሃ ታጥባለች፤ ጥፍሯንም ትቆርጣለች። ከዚያ ከአውራ ጣቷ በቀር አራቱን ጣቶች ወደ ውስጥ እግሯ ታጥፍና በረጅም የጨርቅ መቀነት ጥፍር አድርጋ ታስራለች። ጨርቁን ከጣቷ ወደ ተረከዟ እየሳበች ትጠመጥማለች። ልጅቱ ሌሊት እንዳትፈታው የመቀነቱ ጫፍ ይሰፋል። በየጥቂት ቀኑ ይፈታና እግሩ ይታጠባል፤ እንደገናም ከፊተኛው ይበልጥ ጠብቆ ይታሰራል። ውሎ ሲያድር የጣቶቹ አጥንት ይሰበራል። የእግሩ መሐል ይጎብጣል፤ ተረከዙና የፊተኛው ክፍል እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ሥጋው ይቆስላል፣ ይመግላል። አንዳንዷ ጣቷ በስብሶ ይወድቃል። ቁስሉ አመርቅዞባት የሞተችም አለች። ሥቃዩ እንዲህ ሆኖ ሁለትና ሦስት ዓመት ይዘልቃል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጨርቁ አይቀርም፤ ዕድሜ ልክ ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው እግሯ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ እንዲቀር ነው። አንባቢዎቻችን እስቲ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ከመዳፋችሁ ወርድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንዲህ ያለውን እግር «የወርቅ ሎተስ» እያሉ ያሞግሱት ነበር። ሎተስ በኩሬ ውሃ ላይ የምታብብ አበባ ናት።

እናት በወለደችው ልጅ ላይ እንዴት ይህን ታደርጋለች? ጠልታት አይደለም። የእናትዬውም እግር የታሰረ ነው፤ ሕመሙን ታውቀዋለች። ነገሩ ወዲህ ነው። ለጋብቻ የመጣችው አማጭ ስለ ልጅቱ እግር ትጠይቃለች። እግሯ ያልታሰረ ልጅ ደህና ባል አታገኝም። ባል ያላገኘች ሴት ደግሞ መሬት የላት፣ ቤት የላት፣ የምትገባበት የላት። ስለዚህ እናት «ዛሬ ካላስለቀስኳት ነገ ትለማመጣለች» ብላ ታስራታለች። አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ልማዱን ልተው ቢል የሚጎዳው ራሱ ነው። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እግር ማሰር ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በቤተ መንግሥትና በባለጸጎች ዘንድ ነው የተጀመረው። በሚንግና በቺንግ ዘመን ግን ወደ ገበሬውም ጎጆ ወረደ። ቢሆንም ሁሉም ቻይናዊት እግሯ ታስሯል ማለት አይደለም። የቺንግን መንግሥት የመሠረቱት ማንቹ የተባሉ ሕዝቦች የሴቶቻቸውን እግር አያስሩም ነበር። በደቡብ የሚኖሩት ሃካዎችም እንደዚሁ። የሃካ ሴት ሸክም ትሸከማለች፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ ቆማ ትሠራለች። የማንቹ ነገሥታት በ1660ዎቹ እግር ማሰርን በአዋጅ ከለከሉ። የሰማቸው ግን አልነበረም። በ1668 ክልከላውን ራሳቸው አነሡት።

ስለዚህ ልማድ ብዙ ጊዜ የሚባለው ለውበት ነው፤ ወይም ሴት ከቤት እንዳትወጣ ነው። ሁለቱም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሎረል ቦሰንና ሂል ጌትስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በየገጠሩ እየዞሩ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ አሮጊቶችን ጠየቁ። በ2017 ባወጡት መጽሐፍ የተናገሩት እንዲህ ነው፦ እግራቸው በብዛት የታሰረው በልጅነታቸው ቤት ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉና የሚሸምኑ ልጆች ናቸው። መሮጥ የምትወድ የስድስት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ከእንዝርት ፊት አትቀመጥም። እግሯ ከታሰረ ግን ወዴት ትሄዳለች? እግሯ አረፈ፤ እጇ ግን አላረፈም። እኛም እንደሚመስለን የዚያ ዘመን ሴት ኑሮ የሚገባን እግሯን ብቻ ሳይሆን እጇንም ስናይ ነው።

በአገራችን በብዙ ቦታ ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ይሸምናል። በቻይና ገበሬ ቤት ግን ጥጡን መዳመጡ፣ መንደፉ፣ መፍተሉና መሸመኑ ሁሉ በብዙ ስፍራ የሴት ሥራ ነበር። ሐር በሚመረትበት አገር ደግሞ የሐሩን ትል የምታሳድገው እሷ ናት። የሐር ትል የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ነው የሚበላው። እንጆሪ የሾላ ዘመድ ነው። ትሉ ሊያድግ ሲል ቀንም ሌትም ይበላል። ሴቶቹ ቅጠሉን እየከተፉ ሌሊት ሳይቀር ይመግቡታል። ብርድ ቢመታው ይሞታል፤ ሙቀት ቢበዛበትም ይሞታል። ካደገ በኋላ በገዛ ክሩ ተጠቅልሎ እንቁላል የሚመስል ቤት ይሠራል። ያን ቤት በሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው የክሩን ጫፍ ፈልገው ይስባሉ። ከአንዱ ትል ቤት ብዙ መቶ ሜትር ክር ይወጣል። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል። በእንፋሎትና በሙቅ ውሃ የሚላጠው የሴቶቹ ጣት ነው።

ዛሬ ሻንጋይ ከሚባለው ትልቅ ከተማ አጠገብ ሶንግጂያንግ የሚባል አገር አለ። በጥጥ ጨርቁ የታወቀ ነበር። ለዚህ ያበቃችው ኹዋንግ ዳኦፖ የምትባል ሴት ናት ይላሉ። ከሚንግ በፊት፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረች ናት። እንደሚነገረው በልጅነቷ ለአማት የተሰጠች፣ ቅድም የጠቀስናት ዐይነት ምራት ነበረች። ዱላው ሲበዛባት ጠፍታ በመርከብ ወደ ደቡብ፣ ሃይናን ወደምትባል ደሴት ሄደች። እዚያ ሊ የተባሉ ሕዝቦች ጥጥ ሲሠሩ አይታ ተማረች። በ1295 ገደማ አገሯ ተመልሳ ጥጥ መዳመጫውን፣ መንደፊያውን ደጋን፣ ሦስት እንዝርት ባንድ ጊዜ የሚያዞረውን መፍተያ ለመንደሯ ሰዎች አስተማረች። ስትሞት ቤተ መቅደስ ሠሩላት። በአማቷ ቤት እንደ ዕቃ የተቆጠረች ሴት የስንቱን ሰው ጎጆ አቆመች!

የቻይና ገበሬ መሬት ጠባብ ነበር። በብዙ ቦታ ሩዙ ለግብርና ለመሬት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ዓመቱን አያዘልቅም። ቀዳዳውን የሚደፍነው የሴቷ ጨርቅ ነው። በሚንግ ዘመን መንግሥት ራሱ ከግብሩ ከፊሉን በጨርቅ ይቀበል ነበር። በግብር መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን የአባወራው ስም ነው። ጨርቁን ገበያ አውጥቶ የሚሸጠውም በብዙ ቦታ ወንዱ ነው። ሴቷ «የውስጥ ሰው» ናት፤ ገበያ መውጣት ለጨዋ ሴት ነውር ነው። የሠሩትን ነገር ዋጋ ሳያዩ መሥራት ማለት ይህ ነው።

ወደ ጋብቻዋ እንለፍ። ወላጆች በአማጭ ይነጋገራሉ፤ ልጆቹ አይጠየቁም። በብዙ ቤት ሙሽራውና ሙሽራይቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተያዩት በሠርጋቸው ቀን ነበር። ቀይ ልብስ ትለብሳለች፣ ሰዎች በትከሻቸው በሚሸከሙት የተሸፈነ ወንበር ተቀምጣ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ጌታዋ ባሏ ብቻ አይደለም። አማቷም አለች። ሌሊት ተነሥታ እሳት ታነዳለች፣ ለአማቷ ሻይ ታቀርባለች፣ ሌላው በልቶ ሲያበቃ ትበላለች። በዘመዶቹ የትውልድ መዝገብ ላይ የገዛ ስሟ አይጻፍም። «ሊ ሺ» ተብሎ ይጻፋል፤ የሊ ቤተ ሰብ ሴት ማለት ነው። ሴት በልጅነቷ ለአባቷ፣ ስታገባ ለባሏ፣ ባሏ ሲሞት ለወንድ ልጇ ትታዘዝ የሚል ትምህርት ነበር።

ባል ሚስቱን መፍታት የሚችልባቸው ሰባት ምክንያቶች በሕግ ተጽፈዋል። ወንድ ልጅ አለመውለድ፣ ምንዝር፣ ለአማትና ለአማች አለመታዘዝ፣ ወሬ ማብዛት፣ ሌብነት፣ ቅናትና ክፉ በሽታ ናቸው። ወሬ ማብዛት ከሌብነት ጋር ሲቆጠር እዩልን! ባል ሌላ ሴት ጨምሮ ቢያስገባና ሚስት ብትቆጣ እሱም ቅናት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሕጉ ሦስት መከላከያ ነበረው። የምትመለስበት ቤት የሌላትን፣ የባሏን ወላጆች ሐዘን የተቀመጠችን፣ ወይም ድሃ ሳለ አግብታው አብራው ባለጸጋ የሆነችን ሚስት መፍታት አይቻልም። ሚስት ባሏን ልፍታ የምትልበት እንዲህ ያለ ዝርዝር ግን አልተጻፈላትም።

የሴቷ ኑሮ ሁልጊዜ አንድ ዐይነት አልነበረም። ወንድ ልጅ ስትወልድ ክብሯ ከፍ ይላል። ልጁ አድጎ ሚስት ሲያመጣ እሷም በተራዋ አማት ትሆናለች። በወጣትነቷ የተንቀጠቀጠችው ሴት በእርጅናዋ ቤቱን የምታንቀጠቅጥ ሆና ትገኛለች። ምራቷን የምታስጨንቀው፣ የልጅ ልጇን እግር የምታሳስረው እሷ ናት። ልማዱ ብዙ መቶ ዓመት የቆየው በወንዶች ትእዛዝ ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ባሏ የሞተባት ሴት ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሳታገባ የኖረች መበለት ትከበር ነበር። ከ30 ዓመቷ በፊት ባሏ ሞቶባት እስከ 50 ዓመቷ ሳታገባ ከቆየች ቤተ ሰቧ ለመንግሥት ያመለክታል። መንግሥት ሲፈቅድ በስሟ የድንጋይ ደጅ ይሠራል። በኋላ በቺንግ ዘመን የዓመቱ ቁጥር ተቀንሷል። ኹዋንግሻን ከሚባለው ተራራ በስተደቡብ፣ በድሮው የኹይጆ አውራጃ፣ እንዲህ ያሉ የድንጋይ ደጆች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። የመጨረሻው በ1905 ነው የተሠራው። እያንዳንዷ ሴት የየራሷ ደጅ እንዳይሠራላት ብዛታቸው አስቸጋሪ ሆነና ከ65,000 በላይ ለሚሆኑ ሴቶች አንድ ደጅ ብቻ በጋራ ቆመላቸው። ይህን ያህል ሴት በአንድ ድንጋይ!

ክብሩ የሚያምር ይመስላል። ንብረቱን ስንመለከት ግን ሌላ ነገር ይታያል። በሕጉ መሠረት መበለቷ ሌላ ባል ካላገባች የባሏን ድርሻ ለወንድ ልጇ ትጠብቃለች። ካገባች ግን የባሏንም ንብረት፣ ከወላጆቿ ያመጣችውንም ጥሎሽ ትታ ትሄዳለች። የባሏ ወንድሞች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ በየመንደሩ ሁለት ነገር ይደረግ ነበር። ባለጸጋው ዘመድ መበለቷን አታግቢ እያለ ለስሙ መኩሪያ ያደርጋታል። መሬቷን የሚፈልገው ዘመድ ደግሞ ካልተዳርሽ እያለ ያስጨንቃታል፤ አንዳንዴም በጉልበት ለሌላ ሰው ይሰጣታል፤ ገንዘቡንም ይቀበላል። ድሃይቱ መበለት የምትበላው ስታጣ ታገባለች፤ ስታገባ ትሰደባለች።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብዙዎች ነው። አሁን ስለ አንዲት ሴት እንናገር። ኒንግ ላኦ ታይታይ ይባላሉ። ላኦ ታይታይ የስም ሳይሆን የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ አሮጊት እመቤት እንደ ማለት ነው። በ1867 ሻንዶንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር ፐንግላይ ከተማ ተወለዱ። መሮጥና መጫወት ይወዱ ስለነበር እግራቸው የታሰረው ዘግይቶ በሰባት ዓመታቸው ነበር። በልጅነታቸው ተዳሩ። ባላቸው ኦፒየም የሚባል አደንዛዥ ዕፅ የሚያጨስ ሱሰኛ ሆነ። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ እየሸጠ ያጨሳል። ጨዋ ሴት ከደጅ አትወጣም የሚለውን ልማድ ሴትዮዋ ያውቃሉ። ግን ሆድ ልማድ አያውቅም። በታሰረ እግራቸው እየተንቀጠቀጡ ወጥተው ለመኑ። ከሁሉ የከፋው ባልየው ትንሿን ሴት ልጃቸውን መሸጡ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ተከራክረው አስመለሷት። ሁለተኛ ሸጣት፤ ያን ጊዜ ማስመለስ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በሰው ቤት ገረድ ሆነው እየሠሩ ኖሩ።

ኒንግ ላኦ ታይታይ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። በ1930ዎቹ ቤይጂንግ ውስጥ አይዳ ፕሩዊት ለምትባል ቻይና ለተወለደች አሜሪካዊት የሕይወታቸውን ታሪክ አጫወቷት። እሷም ጻፈችው፤ በ1945 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። እንደሳቸው ያዩ ሌሎች ስንት ሴቶች ነበሩ። የሚጽፍላቸው ስላልነበረ ታሪካቸው አብሯቸው ተቀበረ።

ይህ ኑሮ እንዴት ተለወጠ? ሁለት ነገር በአንድ ዘመን መጣ። አንደኛው ከ1870ዎቹ ወዲህ በመኪና የተፈተለ ክር ከሕንድና ከእንግሊዝ አገር እየገባ ገበያውን መሙላቱ ነው። በኋላም ሻንጋይ ውስጥ ራሱ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። የእጅ ፈትል ዋጋ ወደቀ። ልጅን አስቀምጦ ማስፈተል የማያዋጣ ሆነ። ብዙ እናቶች የእንጀራቸው ገመድ ተበጠሰ። በሌላ በኩል ግን ለደመወዝ የሚሠሩ ሴቶች ብቅ አሉ። በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ፣ ሹንደ በሚባለው የሐር አገር፣ በሐር ፋብሪካ የሚሠሩ ብዙ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን እንዳገባች ሴት ራሳቸው ሰርተው «ባል አናገባም» ብለው ማሉ። በጋራ ቤት ይዘው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ እየተጧጧሩ ኖሩ። የራሷ ገንዘብ በእጇ የገባ ሴት እንዲህም ማለት ቻለች።

ሁለተኛው የማኅበር ነገር ነው። ቅድም አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን የእግር ማሰርን ልማድ ቢተው የሚጎዳው ራሱ ነው ብለን ነበር። በ1800ዎቹ መጨረሻ ላይ በየከተማው የተቋቋሙት የጸረ እግር ማሰር ማኅበራት መፍትሔ ያገኙት እዚህ ላይ ነው። አባል የሚሆን ሰው ሁለት ነገር ቃል ይገባል። የሴት ልጄን እግር አላስርም፤ ለወንድ ልጄም እግሯ የታሰረ ሚስት አላመጣም። እንግዲህ ልጄ ባል ታጣለች የሚለው ፍርሃት ቀረ። ባል ከማኅበሩ ውስጥ አለና! በ1660ዎቹ የነገሥታት አዋጅ ያልቻለውን ይህ የጎረቤቶች ቃል ቻለው። በ1902 ንግሥት እናት ሲሺ ልማዱ ይቅር የሚል አዋጅ አወጣች፤ በ1912 ደግሞ አዲሱ የሪፑብሊክ መንግሥት ከለከለው። በሰሜን ቻይና ዲንግ በሚባል ወረዳ የተደረገ ጥናት ለውጡን ያሳያል። ከ1890 በፊት ከተወለዱት ሴቶች ከ100 ውስጥ 99ኙ እግራቸው የታሰረ ነበር። ከ1919 በኋላ ከተወለዱት ግን አንዲትም አልተገኘችም። የብዙ መቶ ዓመታት ልማድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ቀረ።

የታገሉትም ሁሉ አልተረፉም። ቺዩ ጂን የምትባል ሴት እግሯን ፈትታ፣ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ትታ በ1904 ለትምህርት ወደ ጃፓን ሄደች። ተመልሳም ለሴቶች ጋዜጣ አሳተመች። በንጉሡ መንግሥት ላይ ለማመፅ ስታዘጋጅ ተይዛ በሐምሌ ወር 1907 ሻኦሺንግ በምትባለው ከተማ አንገቷ ተቀላ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ መንግሥት ወደቀ። ሴት ያለ ፈቃዷ እንዳትዳር፣ መበለትም እንዳታገባ እንዳትከለከል፣ ሴትም እንደ ወንድ ፍቺ መጠየቅ እንድትችል የሚያደርገው የጋብቻ ሕግ የወጣው ደግሞ በ1950 ነው።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ቀርቶናል። ይህን ገጽ እያነበባችሁ ላላችሁ ደስ የሚል ነገር ነው።

የቻይና ጽሕፈት እንደኛ ፊደል አይደለም። ለየቃሉ የየራሱ ምልክት አለውና ደህና አንባቢ ለመሆን ብዙ ሺህ ምልክት መልመድ ያስፈልጋል። ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ወንዶች ልጆች ተምረው በመንግሥት ፈተና ሹመት ያገኛሉ። ሴት ልጅ ለፈተናው አትቀርብም። በባለጸጋ ቤት ተምረው ግጥም የጻፉ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ የገበሬ ልጅ ግን ከየት አምጥታ? ይሁንና በኹናን ክፍለ ሀገር፣ ጂያንግዮንግ በሚባል ተራራማ ወረዳ፣ ሴቶቹ የራሳቸው ጽሕፈት ነበራቸው። «ኑሹ» ይባላል፤ የሴቶች ጽሕፈት ማለት ነው። ምልክቶቹ ቀጫጭንና ወደ ጎን ያዘነበሉ ናቸው። እንደኛ ሀ ሁ ድምፅን ይከተላሉ። ስለዚህ የሚለመዱት በመቶ እንጂ በሺህ የሚቆጠሩ አይደሉም። እናት ለልጇ፣ አክስት ለእኅቷ ልጅ፣ ባልንጀራ ለባልንጀራዋ ታስተምራለች። እየፈተሉና እየጠለፉ አብረው ተቀምጠው በዜማ እያነበቡ ይማሩታል። በወረቀት ላይ፣ በማራገቢያ ላይ፣ በመሐረብ ላይ ይጽፉታል። ወንዶቹ ያዩታል፤ ግን አያነቡትም። የሴት ነገር ነው ብለው ንቀው ትተውታል።

እነዚያ ሴቶች ምን ይጻጻፉ ነበር? የእኅትማማች መሐላ፣ ናፍቆት፣ የመበለት እንጉርጉሮ፣ የአማት ቤት መከራ። አንዷ ስትሞት ጽሑፏን ከሷ ጋር ይቀብሩታል ወይም ያቃጥሉታል፤ በወዲያኛው ዓለም እንድታነበው ብለው ነው። በዚህ ምክንያት የቀረው ጥቂት ነው። የውጭ ምሁራን በደንብ ያወቁት ከ1982 ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያውቁት ጥቂት አሮጊቶች ብቻ ቀርተው ነበር። ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው የአገሩን ጽሕፈት ተምረዋልና። ከልጅነታቸው ጀምረው ከተማሩት የመጨረሻዋ የሚባሉት ወይዘሮ ያንግ ኹዋንዪ በ2004 ዐርፈዋል።

ከተረፉት ጽሑፎች ውስጥ «የሦስተኛው ቀን መጽሐፍ» የሚባለው አለ። አንዲት ልጅ በተዳረች በሦስተኛው ቀን እናቷና ባልንጀሮቿ ወደ አማቷ ቤት ይልኩላታል። በጨርቅ የተለበጠ ትንሽ ደብተር ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ላይ ምኞታቸውንና ሐዘናቸውን ይጽፉላታል። የቀሩትን ገጾች ባዶ ይተዉላታል፤ እሷ ራሷ እንድትጽፍባቸው ነው። ሙሽራዋም በባዶዎቹ ገጾች መካከል የጥልፍ ክሯን እያስገባች ታስቀምጥ ነበር።